ሮም ላይ ስም የወጣላቸው የአዋሽ ዳር ማሳዎች

ከሮም ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ኮሎሲየሙ ነው። እሱን ያየሁት በአትክልት መጫኛ መኪና መስኮት፣ ያውም በድንች ጆንያ ላይ ተቀምጬ አንገቴን አስግጌ ነው። ስለዚህ ስለ ሐውልቱና ስለ ፍርስራሹ ማወቅ የፈለገ ሌላ ሰው ይጠይቅ። እኔ የምጽፈው ያን ሳምንት እንዴት እንዳለፍኩት፣ ማን እንዳበላኝ፣ ማን እንዳሳደረኝ፣ የሄድኩበትንም ጉዳይ እንዴት ፈጽሜ እንደተመለስኩ ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልንገራችሁ። እኔ መሬት ቀያሽ ነኝ። አዋሽ ዳር የመንግሥት እርሻ የነበረውን ሰፊ መሬት ለገበሬዎች በይዞታ ደብተር ለማስረከብ ሜዳውን በሙሉ በእኩል ካሬዎች ከፋፈልነው። እያንዳንዱ ካሬ ቁጥር አለው፤ ውስጡም በአራት ይከፈልና ሰሜን ምሥራቅ ሩብ፣ ደቡብ ምዕራብ ሩብ እየተባለ ይጠራል። ሜዳው ላይ ይህ እንደ ዳቦ መቁረስ ቀላል ነው። ችግሩ የሚመጣው ወንዙ ጋ ሲደረስ ነው። አዋሽ በማስመሪያ አይሄድም። አንዱን ካሬ በወገቡ፣ ሌላውን በጥጉ እየቆረጠ ያልፋል፤ የሚተርፈው ቁራሽ ሩብም አይደለም፣ ግማሽም አይደለም። ካርታው ላይ እነዚህ ቁራሾች ሁሉ በአንድ ግራጫ ቀለም ተቀብተው «ቅሪት» ተብሎ ተጽፎባቸው ነበር።

ቅሪቱ ላይ ግን ሰው አለ። ሽንኩርት የሚያለሙ፣ ጎጆ የቀለሱ፣ ልጅ የወለዱ ሰዎች አሉ። ደብተር ሲታደል ባለ ካሬዎቹ ተቀበሉ፤ ባለ ቅሪቶቹ «መሬታችሁ ስም ስለሌለው ኮምፒውተሩ አይቀበለውም» ተብለው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሥራውን የሚደግፈው የውጭ ድርጅት አማካሪ ዶክተር ፒተር ደግሞ መፍትሔ ያለውን አመጣ፦ ቁራሾቹ በሙሉ አጠገባቸው ካለው ሙሉ ካሬ ጋር ይቀላቀሉ። ይህ ማለት መሬቱ ለካሬው ባለቤት ይሆናል፣ ቁራሹ ላይ ያለው ሰው ወይ ተከራይ ይሆናል ወይ ይነሣል ማለት ነው። እኔ ሌላ ሐሳብ ነበረኝ፦ ቁራሾቹም እንደ ካሬው የራሳቸው ስም ይውጣላቸው። ውሳኔው የሚሰጠው ድርጅቱ ሮም ላይ በሚያደርገው ስብሰባ ነበር። አለቃዬ ወገቡ ተይዞ አልጋ ላይ ዋለና «አንቺ ሂጂ ሰብለ። እግርሽ ያልረገጠው ቁራሽ የለም» አለኝ።

ሰኞ

አውሮፕላኑ ፊዩሚቺኖ ያረፈው በጠዋት ነው። ሻንጣ የሚጠበቅበት ቦታ ቆሜ የሰው ሁሉ ሻንጣ ሲዞር አየሁ፤ የኔ አልመጣም። ሻንጣዬ ቢቀር ምንም አልነበረም፤ የከፋው ግን ከገበሬዎቹ ጋር ማሳ ለማሳ ዞሬ በእጄ ያነሣሁት ትልቁ ካርታ ተጠቅልሎ ከሱ ጋር መቅረቱ ነው። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴት በትሕትና አድራሻዬን መዝግባ «ሲመጣ እናመጣልሻለን» አለችኝ። መቼ እንደሆነ ስጠይቃት ትከሻዋን ወደ ላይ ሰበቀች። እኛ አገር «እግዜር ያውቃል» የምንለውን እዚያ በትከሻ ይሉታል።

እትዬ አስካለ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ትጠብቀኝ ነበር። እናቴ ጉለሌ ሳለች ጎረቤቷ የነበረች፣ ሮም ከገባች ብዙ ዘመን የሆናት ሴት ናት። ግን ተርሚኒ ሁለት በር እንዳለው ማናችንም ለሌላችን አልነገርንም። እሷ በአንዱ ወገን፣ እኔ በሌላው ወገን ቆመን በስልክ እንነጋገራለን።

«ዘንባባው ጋ ነኝ!» ትለኛለች።

«እኔ ደግሞ ታክሲዎቹ ጋ ነኝ፤ ዘንባባ አላይም እትዬ።»

መርካቶ አውቶቡስ ተራ ሰው ቢጠፋችሁ አንድ ተሸካሚ ጠርታችሁ ታስፈልጉታላችሁ። ተርሚኒ ላይ ግን ያገናኘን አንድ ሐበሻ ባለ ሱቅ ነው፤ አማርኛዬን ሰምቶ ከሱቁ ወጣና «ከዚህ እንዳትነቃነቂ» ብሎኝ ጣቢያውን አቋርጦ ሄዶ እጇን ይዞ አመጣልኝ። አቅፋ ስትስመኝ ሽቶዋና የክረምት ካፖርቷ ዋጡኝ።

«አሎራ፣ ሻንጣሽስ?»

«ቀረ።»

«ቫ ቤኔ፣ ግድ የለም፤ አንቺ መጣሽ። ልብሱን ከኔ ትለብሺያለሽ።»

ቤቷ ቶር ፒኛታራ ነው። ትሬኒኖ የሚሏት፣ የኛን ሚኒባስ የምታህል ቢጫ ባቡር እየተንጫጫች ወሰደችን። ሰፈሩ ከአዲስ አበባ ይልቅ አስቤው ከነበረው ጣሊያን ይርቃል፤ የባንግላዴሽ አትክልት ቤት፣ የቻይና ልብስ ቤት፣ መንገድ ላይ ተቀምጠው ካርታ የሚጫወቱ ሽማግሌዎች። እትዬ አስካለ አልጋዋን ለቀቀችልኝ። እምቢ ብላት «እኔ ሶፋ ላይ ካልተኛሁ ወገቤ አይስማማኝም» አለች። ውሸት መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን።

ማክሰኞ

እትዬ አስካለ ባዳንቴ ናት፤ አዛውንት ትጠብቃለች። ማክሰኞ ጠዋት ቤት ብቻዬን ተቀምጬ ስለ ካርታው ስብሰለሰል እንድውል አልፈለገችምና ይዛኝ እዚያው ሰፈር ወዳለው ሥራዋ ሄደች። የምትጠብቃቸው ሲኞር ኤንሪኮ ይባላሉ፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከተሽከርካሪ ወንበራቸውና ከመስኮታቸው የማይለዩ ሰው ናቸው። በመንገድ ላይ «ካላናገሩሽ እንዳትቀየሚ፤ እኔንም የሚያናግሩኝ መድኃኒት ሲመራቸው ነው» ብላ አስጠንቅቃኝ ነበር።

እውነትም ሰላምታዬን በቅንድባቸው ብቻ መለሱ። እትዬ አስካለ ምሳ እየሠራች ለምን እንደመጣሁ፣ ሻንጣዬ እንዴት እንደቀረ በጣሊያንኛ ታወራላቸዋለች፤ እሳቸው መስኮቱን ያያሉ። ድንገት ዘወር አሉና አንድ ቃል ተናገሩ።

«ምን አሉ?»

«'ጆሜትራ ናት?' ነው የሚሉት። ቀያሽ ናት ወይ ማለታቸው ነው። አዎ አልኳቸው።»

ሽማግሌው በጣታቸው ደረታቸውን ነኩ። «አንኪዮ» አሉ። «እኔም።»

ከዚያ በኋላ አፋቸው አልተዘጋም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሮም በስተደቡብ ያለውን ሜዳ ሲለኩ የኖሩ ሰው ናቸው። ስልኬ ላይ ያለውን የካርታዬን ፎቶ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ቀይረው አዩት። መስመሮቹ በፎቶው ላይ እንደ ጭራሮ ተጠላልፈው ነበር፤ አንዱን ማሳ ከሌላው መለየት ለማያውቀው ሰው ከባድ ነው።

«ይህን ይዛ ፊታቸው ከቆመች ይስቁባታል» አሉ በእትዬ አስካለ በኩል። «ቁራሾቹ መለያየታቸው ካልታየ ቀላቅሉ የሚለው ሰው ያሸንፋል። እንደ ገና ይሣል።»

«በምን ላይ?» አልኩ።

እጃቸውን ወደ ጓዳ ዘረጉ። እትዬ አስካለ ልብስ የምትተኩስበትን በጨርቅ የተሸፈነ ትልቅ ሰሌዳ ገልጣ ስታየው፣ ለካ ከሥሩ የሥዕል ጠረጴዛ ኖሯል። «እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ ሸሚዝ ስተኩስበት!» ብላ አፏን ያዘች።

ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ሠራን። ስልኬ ላይ ፎቶውን አጉልቼ እያየሁ፣ የማስታውሰውን እየጨመርኩ፣ የለካኋቸውን ነጥቦች በእጅ ቦርሳዬ ከያዝኩት ኮምፒውተር እያነበብኩ ወንዙን ሣልኩት።  ካሬዎቹን ሲኞር ኤንሪኮ በቀለም ብዕር አሰመሩ። ወንዙን ለኔ ተዉልኝ።

የተጣላነው ቁጥር መስጠት ላይ ስንደርስ ነው። እኔ ከመጀመሪያው የያዝኩት ሐሳብ በየካሬው ውስጥ ያሉት ቁራሾች «ክፋይ» ተብለው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እየተባሉ ይጠሩ የሚል ነው። ሽማግሌው ቁጥሩ መጀመር ያለበት ከካሬው ሰሜን ምሥራቅ ጥግ ነው አሉ፤ መጽሐፍ የሚለው እንደዚያ ነው።

«እትዬ፣ ንገሪልኝ፤ በኛ አገር ገበሬ ሰሜን ምሥራቅ አይልም። ላይኛው፣ ታችኛው ነው የሚለው። ውኃ ከየት እንደሚመጣ ሕፃንም ያውቃል። ወንዙ በሚፈስበት እንቁጠር።»

ነገረቻቸው። ጠረጴዛውን መቱት። እሳቸው የተናገሩትን ስትተረጉምልኝ ፊቷ በርበሬ መስሏል፦ «ወንዙ ሁለት ዳር አለው፤ በየትኛው ዳር ልትጀምሪ ነው? ዛሬ አንዱ በግራ፣ ነገ ሌላው በቀኝ ሲጀምር ሁለት ማሳ አንድ ስም ይይዛል ነው የሚሉት። ኡፋ! ሁለታችሁም ግትር ናችሁ፤ ወጡ እያረረ ነው።»

 እውነታቸውን ነው፤ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ብዙ ጊዜ ወረቀቱን አየሁት። ከዚያ ተነሥቼ ወንዙ ወደሚሄድበት ዞሬ ቆምኩና ግራ እጄን ዘረጋሁ።

«ፊትን ወደ ውኃው መሄጃ አዙሮ መጀመሪያ የግራው ዳር ካሬው እስኪያልቅ ይቆጠራል። ከዚያ ተመልሶ የቀኙ ዳር፣ ካቆመበት ቁጥር ይቀጥላል።»

እትዬ አስካለ መተርጎም አላስፈለጋትም። ሽማግሌው ከወንበራቸው ሳይነሡ እንደኔ ዞረው ግራ እጃቸውን ዘረጉ፣ ቀጥሎ ቀኙን። ከዚያ «ብራቫ» አሉ።

ዕለቱ ጾም ስለሆነ እትዬ አስካለ ፓስታውን በቲማቲምና በነጭ ሽንኩርት ብቻ ሠራች። ሲኞር ኤንሪኮ ፎርማጆ የሚሉትን አይብ ሳይጠይቁ ከኛ ጋር በሉ። እየበላን የጥንት ሮማውያን ቀያሾችም ምድራቸውን በካሬ ይለኩ እንደነበር፣ የሚተርፈውንም ቁራሽ ሱብሴቺቫ ይሉት እንደነበር አወሩልኝ፤ ተቆርጦ የቀረ እንደማለት ነው። ለማንም ስላልተሰጠ ንጉሣቸው የመንግሥት ነው ብሎ ሊወስደው ተነሣ፤ ያርሱት የነበሩ ሰዎች አገሩን በልቅሶ ሞሉት፤ በኋላ የመጣው ንጉሥ ለያዙት ተወላቸው። ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። የኛን ቀበሌ ጉዳይ የሚያወሩ ነበር የመሰለኝ።

ሐሙስ

ካርታው ስለደረቀ ሲኞር ኤንሪኮ ልውጣ አሉ። እትዬ አስካለ ከደስታዋ ብዛት ኮፍያቸውን ገልብጣ አደረገችላቸው፤ ከቤት ከወጡ ወራት አልፏል። ወንበራቸውን እየገፋን ሰፈሩን አቋርጦ የሚሄደውን የጥንት የውኃ ቦይ አሳዩን፤ በቅስት ላይ ቅስት ተደራርቦ በቤቶች መሐል ያልፋል፤ ከሥሩ ሰዎች ውሻ ያናፍሳሉ። ሌላው ሰው ቁመቱን ያደንቃል። እኛ ሁለታችን ቁልቁለቱን ነበር የምናየው፤ ውኃው ሳይጣደፍ ሳይቆም እንዲሄድ እንዴት አድርገው ለኩት እያልን። የኛ የመስኖ ቦይ በየዓመቱ ደለል የሚሞላው እዚህ ላይ ስለሳትን ነው።

ዝናብ ያዘን። የባንግላዴሹ ባለ አትክልት ሱቁ ውስጥ አስገብቶ ሻይ በወተት ሰጠን። እትዬ አስካለ ደንበኛው ናት፤ ቃሪያ የምትገዛው ከሱ ነው። «ነገ ትልቅ ስብሰባ አላት» ብላ ስለኔ ነገረችው። ማታ የሷን ጥቁር ሱሪና ኮት ለካሁ። ኮቱ ልክ ነው፤ ጫማዋ ግን ጣቶቼን አጣጠፋቸው።

ዓርብ

በጠዋት ካርታውን ጠቅልዬ፣ በጫማው እያነከስኩ ጣቢያ ስደርስ በሩ ተዘግቷል። ሾፔሮ! ባቡሩም፣ አውቶቡሱም፣ ሜትሮውም ሥራ አቁመዋል። ታክሲ ቢደወል አይነሣም። እኛ አገር መኪና ሲጠፋ ሰው በእግሩ ይጀምራል፤ እኔም ልጀምር ስል እትዬ አስካለ ሲኞር ኤንሪኮን እየገፋች ብቅ አለች። ክራባት አድርገዋል።

«እሳቸው ደግሞ ወዴት?»

«ካርታው የሳቸውም ነው አሉ። እምቢ ብላቸው መድኃኒቴን አልወስድም አሉኝ፤ ምን ላድርግ!»

ሦስታችንም መንገድ ዳር ቆመን ስንመካከር የባንግላዴሹ ሰውዬ ሱቁን ከፍቶ አየን። አንድ ጥያቄ አልጠየቀም። የአትክልት መኪናውን አስነሥቶ ሽማግሌውን ከፊት፣ ወንበራቸውን፣ እትዬ አስካለንና እኔን ከኋላ ከድንቹና ከድንብላሉ ጋር ጫነን። ኮሎሲየሙን ያየሁት ያኔ ነው። እትዬ አስካለ «ተመልከቺ፣ ተመልከቺ!» እያለች በክርኗ ስትጎሽመኝ፣ እኔ ካርታው እንዳይታጠፍ ከፍ አድርጌ ይዤው ነበር።

አዳራሹ ስንደርስ ስብሰባው ተጀምሯል። ድንብላል ድንብላል እየሸተትኩ ገባሁ፤ እትዬ አስካለና ሽማግሌው ከኋላ ተቀመጡ። ዶክተር ፒተር እየተናገረ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ጨዋ ሰው ነው፤ ክፉ ሰው ቢሆንማ በቀለለኝ። «ቁራሾቹ ቅርጽ የላቸውም፤ ቅርጽ የሌለውን ነገር በሥርዓት መሰየም አይቻልም። ስለዚህ ይቀላቀሉ» ብሎ ተቀመጠ። ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሰብሳቢዋ፣ ከሴኔጋል የመጡ ጠና ያሉ ሴት፣ ተራውን ለኔ ሰጡኝ። ካርታውን ግድግዳው ላይ ዘረጋሁት። ወንዙን በጣቴ መከተል ስጀምር ያ ሁሉ ማሳ ከነሰዉ ፊቴ መጣ። ሽንኩርቱ የት እንዳለ፣ ጎጆው የት እንዳለ፣ ማን ከማን እንደሚዋሰን አሳየኋቸው። ሕጉን ነገርኳቸው፦ ፊት ወደ ውኃው መሄጃ፣ መጀመሪያ ግራ፣ ቀጥሎ ቀኝ።

«ወንዙ መንገዱን ቢቀይርስ?» አሉ ሰብሳቢዋ።

«የተሰጠ ቁጥር ለሌላ አይሰጥም። ውኃ የበላው ማሳ ቁጥሩ ባዶ ሆኖ ይቀመጣል። አዲስ ደለል ከወጣ ቀጣዩን ቁጥር ይወስዳል። የማንም ስም አይነካም።»

ዶክተር ፒተር ተነሥቶ ወደ ካርታው መጣ። ጣቱን አንዲት ቁራሽ ላይ አሳረፈ። «ይቺስ?»

«ካሬ አሥራ ሰባት፣ ክፋይ ሁለት።»

«ይቺ?»

«ያው ካሬ፣ ክፋይ አራት።»

ከዚያ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆየ። ወንዙ እጥፍ ብሎ የሚመለስበትን፣ እኔን ራሴን ያስቸገረኝን ቦታ አገኘ። ልመልስለት አፌን ስከፍት እጁን አንሥቶ አስቆመኝ። ፊቱን ወንዙ ወደሚፈስበት አዞረና የግራውን ዳር በጣቱ ቆጠረ፤ ተመልሶ የቀኙን ቀጠለ።

«ካሬ አሥራ ስምንት... ክፋይ አምስት?»

«ልክ ነው» አልኩ።

 ዶክተር ፒተር ሳቀ፤ የተሸነፈ ሰው ሳቅ አልነበረም፣ እንቆቅልሽ የፈታ ሰው ሳቅ ነበር። ወደ ሰብሳቢዋ ዞሮ «ሐሳቤን ስቤያለሁ» አለ። «ሥርዓት አለው። እኔ ከቻልኩ ኮምፒውተሩም ይችላል።»

እጅ ወጣ። ተቃዋሚ አልነበረም። ቁራሾቹ በአዋሽ ሸለቆ በሙሉ በየስማቸው እንዲመዘገቡ፣ ደብተሩም ለያዙት ሰዎች እንዲሰጥ ተወሰነ። ከኋላ በኩል የእልልታ ድምፅ ሰማሁ። እትዬ አስካለ ናት፤ የዚያን አዳራሽ ሰው ሁሉ ከወንበሩ አስነሣችው። ሲኞር ኤንሪኮ ክራባታቸውን እያላሉ ያለቅሳሉ፣ ደግሞ ያጨበጭባሉ።

ማታ ተርሚኒ አጠገብ ሐበሻ ቤት ሄድን፤ ባለ አትክልቱም ሱቁን ዘግቶ መጣ። ሲኞር ኤንሪኮ ሽሮ በእንጀራ ሲጠቀልሉ ግማሹ ሸሚዛቸው ላይ ቀረ። እትዬ አስካለ አጎረሰቻቸው። «እንደ ሕፃን!» ብለው ተቆጡና እንደገና አፋቸውን ከፈቱ።

ቅዳሜ

ጠዋት በሩ ተንኳኳ፤ ሻንጣዬ ነው። እትዬ አስካለ «አሁን ነው የምትመጣው?» ብላ ሻንጣውን በእግሯ መታችው። ያመጣሁላትን በርበሬና በሶ ለመስጠት ግን ደረሰልኝ። ሲኞር ኤንሪኮን ልሰናበት ስሄድ የሥዕል ጠረጴዛው ሳሎን መሐል፣ መስኮቱ ሥር ወጥቷል። የሰፈራቸውን ካርታ መሣል ጀምረዋል። አንገታቸውን ቀና ሳያደርጉ እጃቸውን ሰጡኝ፤ ሥራ የያዘ ሰው ሰላምታ ነበር። እትዬ አስካለ እስከ ባቡሩ ሸኝታኝ፣ ባቡሩ ሲነሣ ከጎኑ ትንሽ ሮጠች፣ በዚያ ወገቧ።

አገር ቤት

አዋሽ ስደርስ ያው ሐሩር፣ ያው አቧራ ተቀበለኝ። ስሙን ያወጣነው በማግሥቱ ነው። ከባለ ማሳዎቹ ጋር ከወንዙ አናት ተነሥተን ቁልቁል ወረድን፤ በየደረስንበት ችካል ይመታል፣ ቁጥሩ ይጻፋል፣ የማሳው ባለቤት ጮክ ብሎ ይጠራዋል፣ የቀረው ሰው ያጨበጭባል። ፀሐይ ሲበረታ አንዳንዶቹ ዘፈን አወጡለት፤ ካሬውንና ክፋዩን በዜማ እየጠሩ።

አንድ ሁሴን የሚባል ጎልማሳ ችካሉ ከተመታለት በኋላ ከኛ ጋር አልቀጠለም። ችካሉን በእጁ ነቀነቀው፤ አልነቃነቅ አለው።

«ይቺ ቁጥር ለልጆቼም ናት?» አለኝ።

«ለልጆችህም ናት።»

ወደ ጎጆው ገባና በቆርቆሮ ጣሳ የበቀለች የማንጎ ችግኝ ይዞ ወጣ። ሽንኩርትና ቲማቲም ብቻ ሲያለማ የኖረ ሰው ነው፤ በወራት ውስጥ ተነቅሎ የሚሸጥ ነገር እንጂ ለዓመታት የሚጠበቅ ዛፍ እዚያ ዳር ላይ የተከለ ሰው አይቼ አላውቅም። ችካሉ አጠገብ ተንበርክኮ ጉድጓድ ቆፈረ። ሚስቱ ከወንዙ ውኃ ቀድታ መጣች።